«ሲደርስ እናሳውቃለን» ስላለው ክፍት ስልክ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ የምንማር አምስት ጓደኛሞች ነን። ኦፕን ሶርስ ስልክ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ማንም የሚያየውና የሚቀይረው ክፍት ስልክ፣ ለማዘዝ ብለን ዕቁብ ጀምረናል። የምንከታተለው ፕሮጀክት ግን ቀኑን መግፋት ለምዷል። መጀመሪያ ‹በጋ ላይ› አለን። ከዚያ ‹ክረምት ሲወጣ›። አሁን ‹ሲደርስ እናሳውቃለን› ብሎ ዝም ብሏል። ገንዘቡን እንላክ ወይስ እንተወው? በነፃ ሶፍትዌር የሚጽፍ ይህን ያህል ሰው እያለ አንድ ስልክ መሥራት ምን ያቅታል?»

ከመጨረሻው ልነሳ፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። ስልኩን የሚያዘገየው የሶፍትዌር ጸሐፊ እጁን የማያስገባበት ነገር ነው።

ሶፍትዌር ሲሳሳት ሌሊት ቁጭ ብለህ ታርመዋለህ። ጠዋት ሁሉም ያወርደዋል። ወጪው እንቅልፍህ ነው። ቦርድ፣ ማለትም የስልኩ እቃዎች የሚበየዱበት ሰሌዳ፣ ሲሳሳት እንደዚያ አይሆንም። ንድፉን አስተካክለህ ለፋብሪካ ትልካለህ። ባዶው ቦርድ ተሠርቶ ይመጣል። እቃዎቹ ይበየዱበታል። ይላክልሃል። ትለካዋለህ። አንዲት መስመር ተሳስታ ከተገኘች እንደገና ከሀ ሁ ትጀምራለህ። አንዱ ዙር ሳምንታት ይበላል፣ አንዳንዴም ወራት። ስልክ ደግሞ በአንድ ዙር ተሳክቶ አያውቅም። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ዙር ገንዘብ ነው፤ ማንም በበጎ ፈቃድ ቦርድ አያትምልህም።

እኔ ደሴ ፒያሳ ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ። «ነገ ና» በማለት የታወቅኩ ነኝ፣ አልዋሽህም። ደንበኛ «መቼ ይደርሳል?» ሲለኝ እውነተኛው መልስ «ከፍቼ ሳላየው አላውቅም» ነው። እንዲህ ካልኩት ግን ስልኩን ይዞ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። ስለዚህ «ነገ» እላለሁ። ክፍት ስልክ የሚሠሩትም እንደዚሁ ናቸው። ቅድመ ክፍያ የሚሰበስቡት ከሕዝብ ነው። ቀን ካልጠሩ ገንዘብ አይመጣም። ያ ቀን የመሐንዲስ ግምት እንዳይመስልህ፤ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው። ይህን ካወቅክ ግማሹ ንዴትህ ይበርድልሃል።

አሁን ታሪክ ልንገርህ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

የዚህ ሁሉ አባት ኦፕንሞኮ ነው። ኤፍአይሲ የሚባል የታይዋን ኩባንያ በኖቬምበር 2006 «ከላይ እስከ ታች በሊኑክስ የሚሠራ፣ ሶፍትዌሩን ማንም የሚቀይረው ስልክ እናመጣለን» አለ፤ ሊኑክስ ማለት ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ልብ በል፣ አይፎን የታወጀው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው። ስልኩ ኒዮ 1973 ተባለ። 1973 የሞቶሮላው ማርቲን ኩፐር በእጅ በሚያዝ ሞባይል የመጀመሪያውን ጥሪ ያደረገበት ዓመት ነው። ስክሪኑ 480 በ640 ነበር። ያኔ ይህ ሸጋ ስክሪን ነው፤ የመጀመሪያው አይፎን 320 በ480 ነበር። ሕዝቡ አበደ። በየአገሩ ያሉ ፕሮግራመሮች ስልኩን ሳያዩ ፕሮግራም ይጽፉለት ጀመር።

ኒዮ 1973 በጁላይ 2007 ለፕሮግራመሮች ተሸጠ። ዋይፋይ አልነበረውም። «ለሁሉም ሰው የሚሆነው» የተባለው ቀጣዩ ሞዴል፣ ኒዮ ፍሪራነር፣ በ2008 አጋማሽ ላይ በ399 ዶላር ወጣ። ዋይፋይ ነበረው፣ ጂፒኤስ ነበረው። በደንብ የማይሠራለት ስልክ መደወል ነበር። አትሳቅ፣ እውነቴን ነው። የሚደውለው ሰው ድምፅ ውስጥ ጉም ጉም የሚል ነገር ይሰማል። ሜሞሪ ካርድ ስትከት ጂፒኤሱ ሳተላይት ማግኘት ያቅተዋል፤ የካርዱ የኤሌክትሪክ ምት አንቴናውን ይረብሸው ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን ቁጥር 1024 ተብሎ የተመዘገበው ብልሽት ነው። የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ስልክህ ባትሪ እንዴት እንደሚጨርስ ታውቃለህ። ልክ እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ መሆኑ ነው። ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ ሞደሙ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ይገባል። ሲነቃ ኔትወርኩ ይጠፋዋል። እንደገና ይፈልጋል። ያገኛል፣ ይተኛል፣ ይጠፋዋል። እንቅልፉን ከከለከልከው ደግሞ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መፍትሔው ቦርዱ ላይ አንድ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ እቃ፣ መበየድ ሆኖ ተገኘ። ሳንቲም የማታወጣ እቃ! ግን ስልኮቹ ተሸጠው በዓለም ተበትነዋል። ስለዚህ ገዢዎቹ ራሳቸው የብየዳ ካውያ አነሱ። ለጉምጉምታው መፍትሔ ሲገኝም ሰብሰብ ብለው ስልካቸውን የሚበይዱበት ቀን እየቀጠሩ ተገናኙ። እኔ ይህን ሳነብ ያለሁበት ሙያ አኮራኝ።

ሃርድዌሩ ሲታመም ሶፍትዌሩስ? እሱም ራሱን በላ። መጀመሪያ ጂቲኬ በሚባል የስክሪን ገጽ መሥሪያ ተጻፈ። ከዚያ «ይህ አይሆንም» ተብሎ ሌላ መሥሪያ፣ ኪውቶፒያ ከኢንላይትንመንት ጋር፣ መጣ። ከዚያ ደግሞ ኤፍኤስኦ የሚባል አዲስ መሠረት። ቤት እየሠራህ ግድግዳው ላይ ስትደርስ መሠረቱን እንደመቀየር ነው። ለሁለቱ የጻፈው ሰው ሦስተኛው ሲመጣ ደከመው። በኦክቶበር 2008 የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ገበያ ላይ ወጣ። በአፕሪል 2009 ኦፕንሞኮ ቀጣዩን ሞዴል ሰረዘ፤ ሠራተኛም ቀነሰ። ከኖቬምበር 2006 እስከ አፕሪል 2009 ብትቆጥረው ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም።

ሞደሙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመዘግየቱ መንስኤ ብዙ ጊዜ እሱ ስለሆነ። ስልክ አንድ ኮምፒውተር ይመስልሃል። ሁለት ነው። አንዱ አንተ የምትነካካው ነው። ሌላው ከኔትወርኩ ጋር የሚነጋገረው ሞደም ነው፤ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሶፍትዌር አለው። ያኛው ሶፍትዌር ዝግ ነው። ሰነዱን ለማየት የምስጢር ውል ትፈርማለህ። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ክፍት ስልክ» የሚል ማስታወቂያ ስታይ ቅንድብህን ከፍ አድርግ። እስከ ዛሬ ከወጡት የታወቁ ክፍት ስልኮች ሞደሙ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነ የለም። ጎበዞቹ የሚያደርጉት ሞደሙን ለብቻው ማሰር ነው፤ እንደ አጠራጣሪ እንግዳ ሳሎን አስቀምጠውት ጓዳ እንዳይገባ ይዘጉበታል።

ሊብረም 5 የተባለው ስልክ ያደረገው ይህንን ነው። ሞደሙ የሚነቀል ካርድ ላይ ነው። ከስልኩ ጎን ሞደሙን፣ ዋይፋዩን፣ ካሜራውንና ማይኩን ኤሌክትሪክ የሚቆርጡ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉት። ሐሳቡ ሸጋ ነው። በ2017 ፑሪዝም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። በጃንዋሪ 2019 ላስረክብ አለ። ከዚያ ኤንኤክስፒ ከሚባል ኩባንያ የመጣው ቺፕ ባትሪ የሚያፈስ ችግር ተገኘበትና ወደ አፕሪል ተገፋ። ከአፕሪል ደግሞ ወደ ዓመቱ ሦስተኛ ሩብ። በሴፕቴምበር 2019 ጥቂት ስልኮች «አስፐን» በሚል የዛፍ ስም ወጡ፤ ከዚያ ሌላ ዛፍ፣ ከዚያ ሌላ ዛፍ። ዋናው ምርት «ኤቨርግሪን» የተላከው ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ነው። ወረፋው የኋላ የሆነበት ሰው ከዚያም በላይ ጠብቋል። ከሐረጎ ሥር ሆነህ ደሴን እንደማሰብ ነው፤ ቅርብ ናት፣ መንገዱ ግን ይዞርብሃል።

ትናንሽ ፕሮጀክቶችን የሚገድል ሌላ ነገር ደግሞ ብዛት ነው። ሰኞ ገበያ አንድ ኪሎ ጤፍ ልግዛ ብለህ ብትሄድና አጠገብህ ሃምሳ ኩንታል የሚጭን ነጋዴ ቢቆም ማን ቀድሞ ይስተናገዳል? የቺፕ ኩባንያም እንደዚያው ነው። ሚሊዮን ለሚያዝዝ ኢንጂነሩን ይልካል። ሺህ ለሚያዝዝ ኢሜይሉን ለመመለስ ጊዜ የለውም። ትንሹ ፕሮጀክት ሰነዱን ሲለምን፣ ስህተቱን ራሱ ሲፈልግ ወራት ይሄዳሉ። ቦርዱ በመጨረሻ ሲደርስ ደግሞ ከእቃዎቹ አንዱ «ከምርት ወጥቷል» ይባላል። ለኖኪያ ኤን900 ቀፎ አዲስ ቦርድ ሊሠራ በ2013 የተነሳው ኒዮ900 ወደ ምርት ሳይደርስ ቀርቷል። ሠሪዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ያሰቡት ስልክ ግን ከእጃቸው በላይ ነበር።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት ጋ አንድ ስልክ አዝዤ ነበር። ሳዝዝ ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች። ስልኩ ሲደርስ ልጃችን ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀምራለች። ካርቶኑን ስከፍተው ባትሪው ሞቷል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ታላቁ ልጅህ» እያለች ትቀልድብኛለች፤ ስልኩን ማለቷ ነው።

እሺ፣ ተስፋውስ? ስለ መዘግየት ብቻ ካወራሁ ውሸታም እሆናለሁ።

የተስፋው ችግር መብዛቱ ነው። አንዱ ርካሽ ይሁን ይላል። ሌላው ካሜራው ይጥራ። ሌላው ባትሪው ይነቀል። ሌላው አንድም ዝግ ሶፍትዌር አይግባበት። ሁሉም ትክክል ናቸው። ግን እያንዳንዱ «ይሁን» አንድ ዙር ቦርድ ነው። በ2013 ኡቡንቱ ኤጅ የሚባል ስልክ ሁሉንም ልሁን ብሎ 32 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። ወደ 12.8 ሚሊዮን ገደማ ቃል ተገባለትና ግቡ ላይ ስላልደረሰ ሳይሠራ ቀረ።

ተሳካ የምለው ትንሽ የጠየቀው ነው። ፓይንፎን የተባለው ስልክ በ2020 መጀመሪያ ላይ «ብሬቭኸርት» ብሎ ሲወጣ ሻጩ ያለው በግልጽ ነው፦ ይህ ለደፋሮች ነው፣ ስልክ መሆኑን አትመኑበት። ዋጋው 149 ዶላር። ውስጡ ያረጀ ርካሽ ቺፕ። ኩባንያው ቦርዱን ሠራ፣ ሶፍትዌሩን ለሕዝቡ ተወ። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ሲደወልለት እስኪነቃ ጠሪው ይዘጋበት ነበር። የዩኤስቢ ቀዳዳው ላይም ስህተት ነበረ፤ ካውያ ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ያረሙት። ግን በየወሩ ይሻሻል ነበር። እንዲያውም የሞደሙ ውስጥ ራሱ ሊኑክስ እንደሚሮጥ ታወቀና ሰዎች ያንን ክፍል በራሳቸው ተኩት፤ ከኔትወርኩ ጋር የሚያወራው ጥልቁ ክፍል እንደ ተዘጋ ቢቀርም።

ሞተ ከተባለውም የተረፈ አለ። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ የሚሠራው ኩባንያ ካኖኒካል በአፕሪል 2017 የስልክ ኡቡንቱን ሲተወው ዩቢፖርትስ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አንስተው እስካሁን ይዘውታል። የኦፕንሞኮ ቀፎም ባዶ አልቀረም። ጎልደን ዴሊሸስ የተባለ ትንሽ የጀርመን ድርጅት በዚያው ቀፎ ውስጥ የሚገባ አዲስ ቦርድ ሠርቶለታል። ኩባንያው ሲሄድ ሰነዱ ስለቀረ ነው ይህ የተቻለው። እኔ ከክፍት ስልክ የምጠብቀው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሠሪው ቢከስር እንኳ ሌላ ሰው የሚቀጥልበት ወረቀት እንዲተው። አንድ ፕሮጀክት የቦርዱን ንድፍ «ስልኩ ሲወጣ እንለቃለን» ካለህ ጠርጥር። ስልኩ ካልወጣ ንድፉም አብሮ ይቀበራላ።

ወደ ዕቁባችሁ ልምጣ። አትላኩ።

ተስፋ ቆርጬ አይደለም። የምትከታተሉት ፕሮጀክት ከራሱ ሠራተኛ ውጪ በአንድ ተራ ሰው እጅ የሚሠራ ቦርድ አሳይቷል? ከጻፍክልኝ ሁሉ ውስጥ እንዲህ የሚል የለም። ያሳየው ሥዕል ነው። ሥዕል ደግሞ ስልክ አይደውልም። ቢልክላችሁም እንኳ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሲላክ ገደብ አለበት፤ ጉምሩክም የራሱን ይጠይቃል። ቢበላሽ መልሶ መላኪያው ስንት እንደሚሆን አስቡት። ለአምስት ተማሪ አንድ ስልክ፣ እሱም «ሲደርስ»!

በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ስልክ ግዙ። ፖስትማርኬትኦኤስ የሚባል ሥርዓት አለ፤ በ2017 የተጀመረ ነው። ዓላማው አሮጌ ስልክን በእውነተኛ ሊኑክስ ለአሥር ዓመት ማኖር ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ስልኮች ላይ ይነሳል። ልብ በል፣ «ይነሳል» ነው ያልኩት። ስክሪኑ በርቶ ድምፅ የሌለው፣ ዋይፋይ ኖሮት መደወል የማይችል ብዙ ነው። በደንብ የሚሠራባቸው ጥቂት ናቸው። ከነሱ ውስጥ እኛ ገበያ የሚገኝ ካለ የ2015ቱ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ3 እና ኤ5 ነው። ዋንፕላስ 6 ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ይዛችሁ እንዳትለፉ፤ ቺፖቻቸው በአብዛኛው ሚዲያቴክና ዩኒሶክ ናቸው፣ በዚህ ዓለም ድጋፋቸው የሳሳ ነው። ኪሳችን ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ ይህ ያናድዳል፣ ግን እውነታው ይኸው ነው። ስትገዙ የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው አንብባችሁ ከፕሮጀክቱ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ። «ኤ5 ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል ብቻ አትመኑ፤ በአንድ ስም ሦስት ዓይነት ቦርድ አለ።

ይሠራል ወይ ካልከኝ፦ መደወል ይሠራል። አሜሪካ 3ጂ በ2022 ሲዘጋ ብዙ የሊኑክስ ስልክ ተጠቃሚ በ4ጂ ላይ መደወል ስላልተስተካከለለት ተቸግሯል። እኛ ጋ 2ጂና 3ጂ ስላሉ በዚህ ዕድለኞች ነን። ቴሌብር ያስጨንቅሃል፣ አውቃለሁ። መተግበሪያውን ዋይድሮይድ በሚባል፣ ሊኑክስ ውስጥ አንድሮይድን በሚያስኬድ ፕሮግራም ማስነሳት ይሞከራል፤ የገንዘብ መተግበሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ ያኮርፋሉ። የቴሌብሩ *127# ግን ዩኤስኤስዲ የሚባል የኔትወርክ መልእክት ብቻ ነው። የሊኑክሱ ሞደም አስተዳዳሪ ዩኤስኤስዲ ያውቃል። ሻይ ቤት ሒሳብ ለመክፈል ይበቃሃል።

አሁን እናንተን በጣም የሚፈልገው ቦታ ጋ ደረስን። ኪቦርዱ።

ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ነፃ ፎንትም አለ፣ አቢሲኒካን ብትጭኑ ደኅና ይነበባል። ማንበብ አያስቸግርም። መጻፉ ላይ ነው ጣጣው። የሊኑክስ ስልኮች ላይ ስኩዊክቦርድ የሚባል የስክሪን ኪቦርድ አለ። አቀማመጡ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ ማንም ከፍቶ ያስተካክለዋል። ግን የተሠራው አንድ ቁልፍ ሲነካ አንድ ፊደል ይወጣል በሚል ስሌት ነው። የኛ እንደዚያ አይደለም። «ለ»ን ነክተህ ቀጥሎ አናባቢውን ስትነካ የተጻፈው «ለ» ጠፍቶ «ሊ» መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ለ»ን ስትነካ ከለ እስከ ሎ ያሉት ሰባቱ በአዲስ ገጽ እንዲወጡ ማድረግ ነው። ይህ በጽሑፍ ፋይሉ ብቻ ይሞከራል፤ ፋይሉ ረጅም ይሆናል፣ ጣትህም ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ሁለተኛው የተጻፈውን ፊደል መልሶ የሚቀይር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ይኼኛው ከባድ ነው፤ ሲሠራ ግን አንድሮይድ ላይ የለመድከው ዓይነት ይሆናል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ጀምሬ እናቴ እጅ ላይ አስቀምጠው ነበር። እናቴ በአንድ ደቂቃ «ሰላም ናችሁ ወይ» ብላ ከጻፈች ይበቃል። ካልጻፈች ወደ ሁለተኛው።

ይህን ሥራ ታይዋን ወይ አሜሪካ ያለ ሰው አይሠራላችሁም። «ሐ»ና «ኀ»ን አንድ ቁልፍ ላይ እናድርግ ወይስ ለያይተን የሚለውን ክርክር እንኳ አያውቀውም። ቦርድ ማተም አያስፈልገውም፣ ቅድመ ክፍያም የለውም፣ ሌሊት የተሳሳታችሁትን ጠዋት ታርሙታላችሁ። የትኛውም ክፍት ስልክ ነገ ቢወጣ ኪቦርዱ ያገለግለዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ቀለል ይላል። ኤ5ቱን ከገዛችሁ ይዛችሁ ውጡ፣ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም። መጀመሪያ ያለውን ነገር በሙሉ ኮፒ አድርጌ አስቀምጥላችሁና አብረን ፍላሽ እናደርገዋለን፣ ማለትም አዲሱን ሥርዓት እንጭንበታለን። ዳታ የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ገመድ እንዳትረሱ፤ ቻርጅ ብቻ በሚያደርግ ገመድ ስንት ሰዓት እንደባከነ እኔ ነኝ የማውቀው። ቡናውን እኔ ጀባ እላለሁ።